ሎሚና የልጆች ጉሮሮ ህመም



ወላጅ ሥራ ሲሄድ የልጅ ልጅ የምትይዙት ብዙ ጊዜ እናንተ ናችሁ። ልጁ «ጉሮሮዬን አመመኝ» ሲልም ቀድማችሁ የምትሰሙት እናንተው ናችሁ። ሎሚ በማር ብትሰጡት ያለሰልስለታል፣ ክፋት የለውም። (ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።)

«ከሎሚ አሲድ የሰውነት መቆጣትን የሚያበርድ ነገር ተገኘ» የሚል ወሬም ሰምታችሁ ይሆናል። የሎሚ አሲድ ማለት ሱቅ «መላህ ሊሞን» እያሉ የሚሸጡት፣ ቁምቁም የምናጸዳበት ነው። ተመራማሪዎች የሚያጠኑት ግን ኢታኮኔት የሚባለውን ዘመዱን ነው። ይህን የሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች ራሳቸው ይሠሩታል። መቆጣትን እንደሚያበርድ በ2018 የታተመ ትልቅ ጥናት በሴሎችና በአይጦች ላይ አሳይቷል። ሎሚ ስለጠጣን ግን ኢታኮኔት አይጨምርልንም፣ ለጉሮሮ የሚታዘዝ መድኃኒትም ገና አልሆነም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ አንድ ጀርም ነው፤ ስሙ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል። አብዛኛው የጉሮሮ ህመም ከቫይረስ ነው፣ ሳልና ንፍጥ አለው፣ በራሱ ይድናል። ስትሬፕቶኮከስ ግን ድንገት ያተኩሳል፣ መዋጥ ያስቸግራል፣ አንገት ሥር ያብጣል፣ ሳል ብዙም የለውም። ሎሚም ሆነ እንጥል ማስቆረጥ አያጠፋውም። ካልታከመ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ያመጣል፤ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት። ጉልበቱን ያመዋል፣ ያ ሲተወው ክርኑን ይይዘዋል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ የልብ በር ግን ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። እዚህ አገር ብርቅ ሆኗል፣ በኢትዮጵያ ግን ዛሬም የብዙ ልጆችን ልብ ይጎዳል።

ስለዚህ ትኩሳት ካለው ኩፓት ሆሊም ውሰዱት። ጉሮሮውን በጥጥ ነክተው ይመረምራሉ፣ አያምም። ጀርሙ ከተገኘ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ህመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ልብን ይጠብቃል፤ «ቀናት አለፉ» ብላችሁ አትተዉት።

ብዙ ቤት የማየው ችግር እዚህ ላይ ነው፦ በሦስተኛው ቀን ልጁ ይጫወታል፣ ሽሮፑ ለታናሹ ተብሎ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። እባካችሁ፣ ዶክተሩ 10 ቀን ካለ 10 ቀን ይጠጣ። ለታናሹ የራሱ ምርመራ፣ የራሱ መድኃኒት ይሻለዋል።

ጉሮሮው ከዳነ በኋላ መገጣጠሚያውን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም እጁ ሳያዝዘው ከተወራጨ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። «በቅርብ ጉሮሮውን ታሞ ነበር» ማለትንም አትርሱ። በዕብራይስጥ ለመናገር ከተቸገራችሁ ሬቫሃ ቢሮ ኑ፣ ቶሩን አብረን እናስይዛለን።