የቤት ኮምፒዩተርን ከርቀት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች

የርቀት ኮምፒዩተር አስተዳደር ማለት በሌላ ቦታ ያለን ኮምፒዩተር በኢንተርኔት በኩል፣ ፊቱ ቁጭ ያሉ ያህል ማዘዝ ማለት ነው። እቤት የቀረ ፋይል ለማምጣት፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ልጅ አዲስ አበባ ያሉትን የወላጆቹን ኮምፒዩተር እንዲያስተካክል ያገለግላል። ሶፍትዌሮቹ በሁለት ይከፈላሉ፤ እነርሱም ጽሑፍ ብቻ የሚያስተላልፉና የስክሪን ምስል የሚያስተላልፉ ናቸው። ሁሉም ግን ወደ ቤት ኮምፒዩተር የሚያስገባ በር ይከፍታሉ። ስለዚህ ሶፍትዌር ሲመረጥ በዚያ በር ሌላ ማን ሊገባ እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል።

በጽሑፍ የሚሠሩ

የቀድሞው ቴልኔት የይለፍ ቃልን ጨምሮ ሁሉን ነገር በግልጽ ስለሚልክ፣ መስመሩን የሚያዳምጥ ሰው ሊያነበው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተሰረቁ በኋላ፣ የዚያው ተመራማሪ ታቱ ዩሎኔን ኤስኤስኤች የተባለውን ሠራ። ኤስኤስኤች መረጃውን ኢንክሪፕት አድርጎ፣ ማለትም ከሁለቱ ኮምፒዩተሮች በቀር ማንም ወደማያነበው ምስጢር ቀይሮ ይልካል። ኦፕንኤስኤስኤች የተባለው ነፃ ቅጂው በሊኑክስ፣ በማክና በዊንዶውስ 10 ላይ ይገኛል።

የሚተላለፈው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ጥቂት ዳታ ይበቃዋል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ የተጀመረው ሥራ እንዳይቆም ደግሞ ቲመክስ የተባለው ፕሮግራም ሥራውን በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ያስቀጥላል፤ ተጠቃሚው ሲመለስ ካቆመበት ያገኘዋል።

በምስል የሚሠሩ

ቪኤንሲ በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ በሚገኘው የኦሊቬቲ ቤተ ሙከራ በ1990ዎቹ ተሠራ። በተለያዩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች መካከል ይሠራል፤ ሆኖም የመጀመሪያው አሠራሩ የስክሪኑን ምስል ኢንክሪፕት ስለማያደርግ ብዙዎች በኤስኤስኤች ውስጥ አሳልፈው ይጠቀሙበታል። የማይክሮሶፍት አርዲፒ ደግሞ በዊንዶውስ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ነገር ግን የዊንዶውስ ሆም እትም ሌላውን ኮምፒዩተር በአርዲፒ መቆጣጠር ቢችልም፣ ራሱ በሌላ ኮምፒዩተር በአርዲፒ እንዲታዘዝ አይፈቅድም። ለዚህ የፕሮ እትም ያስፈልጋል።

በጀርመን የተሠሩት ቲምቪወርና ኤኒዴስክ፣ እንዲሁም የጉግል ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ለጀማሪ ይቀላሉ። ራስትዴስክ ደግሞ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሲሆን፣ የፈለገ ሰው በራሱ ሰርቨር ሊያሠራው ይችላል።

የራውተር እንቅፋት

በአንድ ቤት ያሉ መሣሪያዎች አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ይጋራሉ። ከውጭ ጥያቄ ሲመጣ ራውተሩ ለየትኛው መሣሪያ እንደሆነ ስለማያውቅ ይጥለዋል። ይህን ለማለፍ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው፣ ፖርት የሚባለውን ቁጥር ያለው በር ራውተሩ ላይ መክፈት ነው፤ አቅራቢው ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ካስቀመጠ ግን አይሠራም። ሁለተኛው መካከለኛ ሰርቨር ነው። ሁለቱም ኮምፒዩተሮች ወደ ሰርቨሩ ስለሚደውሉ በራውተሩ ላይ በር መክፈት አያስፈልግም፤ ቲምቪወርና መሰሎቹ በዚህ መንገድ ይገናኛሉ። ሦስተኛው ቪፒኤን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የገባው ዋየርጋርድ ምሳሌ ነው። ይህም ቢያንስ አንዱ ወገን ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ እንዲኖረው ይፈልጋል።

የጠፋን ኮምፒዩተር ማስነሳት

ዌክ ኦን ላን የተኛን ወይም የጠፋን ኮምፒዩተር በኔትወርክ መልእክት ያስነሳል። መልእክቱ 102 ባይት ነው፤ 6 ተመሳሳይ ባይቶች ይቀድማሉ፣ ከዚያም የኔትወርክ ካርዱ 6 ባይት አድራሻ 16 ጊዜ ይደገማል። መልእክቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚልከው እቤት ውስጥ ሳይጠፋ የሚቆይ ራውተር ወይም ሌላ መሣሪያ ነው። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ፣ መብራቱ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲነሳ በባዮስ ማስተካከል በብዙ ኮምፒዩተሮች ይቻላል።

ደኅንነት

እ.ኤ.አ. በ2019 ብሉኪፕ የተባለ የአርዲፒ ክፍተት ተገኘ፤ በቆዩ የዊንዶውስ እትሞች ላይ ያለ የይለፍ ቃል መግባት የሚያስችል ነበር። ማይክሮሶፍት ድጋፉ ከ5 ዓመት በፊት ለተቋረጠው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ አወጣ። በዚህ ምክንያት የአርዲፒን ፖርት ለኢንተርኔት በቀጥታ መክፈት አይመከርም፤ በቪፒኤን ውስጥ ማሳለፍ ይሻላል። ለኤስኤስኤች ከይለፍ ቃል ይልቅ የቁልፍ ፋይል፣ ለመካከለኛ አገልግሎቶች ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይመረጣል።

አንዳንዴ ግን አጭበርባሪው የሶፍትዌር ክፍተት አያስፈልገውም። ከባንክ ወይም ከታወቀ ድርጅት ነኝ ብሎ ይደውልና የርቀት መቆጣጠሪያ አስጭኖ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ያስነብባል፤ ተጠቃሚው ራሱ በሩን ከፈተለት ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚሰጠው ተጠቃሚው በደንብ ለሚያውቀውና ራሱ እርዳታ ለጠየቀው ሰው ብቻ ነው። ቁጥሩ ለማይታወቅ ሰው ከተሰጠ ወዲያው ኢንተርኔቱን ማቋረጥ፣ ሶፍትዌሩን ማጥፋት፣ ባንክን ማሳወቅና የይለፍ ቃሎችን ከሌላ መሣሪያ ላይ መቀየር ያስፈልጋል።