ሁለት ሁለት ብር

(ድምፅ፦ የሞባይል ካርድ በሳንቲም ሲፋቅ፤ ከዚያ የስልክ ቁልፎች ሲጫኑ)

ተራኪ፦ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የ25 ብር ካርድ ትፍቃለች። ብናኙን እፍ ብላ ካርዱን ለጎረቤት ልጅ ታቀብለዋለች። እሱ ቁጥሩን ይጠራል፣ እሷ ትጫናለች። መጨረሻ ላይ ሁለቱም በአንድ ድምፅ "መሰላል!" ይላሉ።

እናቴ ለወሬ ብላ ስልክ አትደውልም። የሚደውሉላት ልጆቿ ናቸው። ያ 25 ብር ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ነው።

ባለፈው ክረምት ክፉው ቀን መጣ። አባቴ ሌሊት ታመመ። ወደ እኔ ስትደውል ሂሳቧ በቂ አለመሆኑን የሚናገረው ድምፅ መለሰላት። ደግማ ሞከረች፣ ያው ነው። ነጠላዋን እንኳ ሳታነሣ በዝናብ ወጥታ የጎረቤት በር ደበደበች። አባቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፏል። በማግስቱ ስደርስ እናቴ ስልኩን መዳፏ ላይ አድርጋ "ልጄ፣ ለማንም ሳልደውል ብሬን ማን በላው?" አለችኝ።

(ሙዚቃ፤ ለአጭር ጊዜ)

ተራኪ፦ የመልእክት ሳጥኑን ከፈትኩት። ከአንድ አጭር ቁጥር በየጠዋቱ አንድ መልእክት ገብቷል። የእናቴ ስልክ ቁልፍ ያለው አሮጌ ስልክ ነው፤ ፊደላችንን አያወጣም። ከላይ እስከ ታች የተደረደሩት ባዶ አራት ማዕዘኖች ናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ ብቻ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነበሩ፤ የጤና ምክር። እናቴ ደግሞ ላቲን አታነብም። ለእያንዳንዱ መልእክት 2 ብር ተቆርጧል። ካርድ በተሞላ በ12ኛው ቀን አንድ ብር ብቻ ይቀራል ማለት ነው።

መቼ ተመዘገበች? "ኦኬ ብለው ይላኩ" የሚል መልእክት መጥቶ ልጆች ሲነካኩት ይሆን? ወይስ እሷው ላጥፋው ስትል ተጭናው? እናቴ ግን የጤና ምክር ላኩልኝ ብላ እንዳልጠየቀች እርግጠኛ ነኝ። የጤና ምክር ስትፈልግ የምትጠይቀው ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መልእክቱን የሚያዘጋጀው አንድ ድርጅት ነው፤ አጭር ቁጥሩንና መስመሩን የሚሰጠው ደግሞ የቴሌኮም ኩባንያው። ብሩ የሚቆረጠው ከደንበኛው ቀሪ ሂሳብ ላይ ነው፣ ከዚያ ሁለቱ ይካፈላሉ። በሩን የሚጠብቀው የቴሌኮም ኩባንያም ከሚገባው ብር ድርሻ አለው። እኔ እንደሚገባኝ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው።

የእኛ አገር ብቻ ጉዳይ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ይህ ነገር "ክራሚንግ" የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ሳይጠየቅ ሂሳብ ውስጥ የተጠቀጠቀ እንደ ማለት ነው። የኮከብ ቆጠራና የታዋቂ ሰዎች ወሬ የሚልኩ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ በወር 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ያስከፍሉ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2014 የአገሩ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የስልክ ኩባንያውን ቲ-ሞባይልን ሲከስ፣ ኩባንያው ከዚህ ገንዘብ ከ35 እስከ 40 በመቶ ለራሱ ያስቀር ነበር ብሏል። በዚያው ዓመት ሌላው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ 105 ሚሊዮን ዶላር፣ ቲ-ሞባይል ቢያንስ 90 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በዓመቱ ቬራይዘንና ስፕሪንት የተባሉት ኩባንያዎች በድምሩ 158 ሚሊዮን ዶላር ጨመሩ። ከዚህ ገንዘብ አብዛኛው የተመደበው ብራቸው ለተቆረጠባቸው ደንበኞች መመለሻ ነው።

ያ ሁሉ ሊሆን የቻለው ደንበኛው እጅ ላይ ወረቀት ስለነበረ ነው። በየወሩ የሚላክ ደረሰኝ አለ፤ ክፍያው በብዙ ገጾች መካከል ተሸሽጎም ቢሆን ተጽፏል። ካርድ ሞልቶ የሚጠቀም ሰው ግን ደረሰኝ የለውም። የሚያየው ቀሪውን ብቻ ነው። የቱ ለጥሪ፣ የቱ ለኢንተርኔት፣ የቱ ለማያነበው መልእክት እንደሄደ የሚነግረው የለም። ፓኬጁ ሳያውቀው አልቆበት ዋናው ሂሳቡ የተበላበት ወጣትም ጩኸቱ ይኸው ነው።

ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሲም ካርድ ማግኘት ራሱ ደጅ ያስጠና ነበር፤ ስለ ሂሳብ ለመሟገት ማን ጊዜ ነበረው? ዛሬ ግን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚባል ተቆጣጣሪ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቋቁሟል፤ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮም ሁለተኛ ኩባንያ ገበያው ውስጥ አለ። ስለዚህ በግልጽ መጠየቅ ይገባናል። ደንበኛው መጠየቁን ማስረዳት ያለበት ብሩን የቆረጠው ነው። ማስረጃ ከሌለው ይመልስ።

(ድምፅ፦ የአገልግሎት ማዕከል፤ የወረፋ ቁጥር ሲጠራ)

ተራኪ፦ እናቴን ይዤ አገልግሎት ማዕከል ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ተሰለፍን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፤ "እማማ፣ ይቀመጡ" ብላ ወንበር አመጣች። ምዝገባውን ወዲያው ሰረዘችልን። የተቆረጠውስ? ስንላት ዝም አለች፤ ከዚያ "እሱ ከእኛ አይደለም፣ ከድርጅቱ ነው" አለች። የድርጅቱን አድራሻ ጠየቅናት። አላገኘችውም።

(ድምፅ፦ የደብተር ገጽ ሲገለጥ)

ተራኪ፦ ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ባለ 32 ገጽ ደብተር ገዝታለች። ማታ ማታ የጎረቤት ልጅ ቀሪ ሂሳቧን ያነብላታል፣ እሷ በእርሳስ ትጽፋለች። የደወለችበት ቀን ከሆነ አጠገቡ ለማን እንደደወለች ታሰፍራለች። "ሰኞ፣ 21 ብር። ማክሰኞ፣ 21 ብር። ረቡዕ፣ 19 ከ40፤ ለአክስትሽ ደወልኩ።" ባለፈው ሳምንት ቤት ስገባ ደብተሩን አመጣችና ሐሙስ ላይ ጣቷን አሳረፈች። 17 ከ40 ይላል፤ አጠገቡ የማንም ስም የለም።

"ይኼን አንብቢልኝ" አለችና ስልኩን ሰጠችኝ። አዲስ አጭር ቁጥር ነው። ከሥሩ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል።