ስማችንን የረሱ ወላጆቻችንን እስከ መጨረሻው ማክበር

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በዙሪያቸው ባለው ገጠር አረጋዊ ወላጅ ያላችሁ ብዙዎች ናችሁ። እናታችሁ የልጆቻቸውን ስም ረስተው፣ ገና ድሮ ያረፉትን እናታቸውን እየተጣሩ፣ በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው «ቤቴ ውሰዱኝ» የሚሉ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ብዙ ጊዜ «ጃጁ» ብለን እናልፈዋለን፤ አንዳንዴም «መንፈስ ነው» እንላለን። የመርሳት በሽታ ግን የአንጎል ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው። ከ60 በመቶ የሚበልጡት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። እንግዲህ እንጸልይ፤ ነገር ግን «እምነታችሁ ስላነሰ ነው» የሚል ሸክም በአስታማሚ ላይ አንጫን።

ሆስፒስ ምንድን ነው?

በሽታው የማይድን ሲሆን፣ ሕመምተኛው ሥቃዩ ቀልሎለትና ክብሩ ተጠብቆ እንዲያልፍ የሚደረግ እንክብካቤ ነው። ሲስሊ ሳውንደርስ የተባሉ ክርስቲያን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የከፈቱት ሆስፒስ ለዘመናዊው አሠራር መሠረት ሆነ። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ ተመሥርቷል። ፍኖተ ሰላም ግን ከአዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነትም መንገዱ በየጊዜው ተዘግቷል። ስለዚህ ለብዙዎቻችሁ ሆስፒሱ የእናታችሁ ጓዳ ነው፤ አስታማሚዎቹም እናንተው ናችሁ።

በእጃችን ያለው

በመጨረሻው ደረጃ መዋጥ ይከብዳቸዋል። ቀና አድርጋችሁ አጥሚት ወይም የላመ ምግብ በትንሽ ማንኪያ፣ ቀስ እያላችሁ ስጧቸው። ትን ካላቸው ወይም አፋቸውን ከዘጉ አቁሙ፤ በግድ የተጋተ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሰውነት ወደ ሞት ሲቃረብ ምግብ መተዉ የሕመሙ አካሄድ እንጂ የእናንተ ቸልተኝነት አይደለም። ከንፈራቸውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ አርጥቡላቸው።

ቁስል እንዳይፈጠር በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎናቸውን አገላብጡ፤ አንሶላቸው እርጥብ ሆኖ አይቆይ። «አመመኝ» ማለት ስለማይችሉ ፊታቸውን እዩ፤ ሲነኩ ማቃሰትና መነጫነጭ የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። በድንገት ከወትሮው የባሰ ከተወናበዱ ወይም ካተኮሳቸው፣ ሊታከም የሚችል ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሩ፤ ጤና ጣቢያም ጠይቁ። የሕመም ማስታገሻ እንዲሰጣቸው መጠየቅም እምነት ማጣት አይደለም።

ለባልና ለሚስት

በብዙ ቤት የባልን እናት የምታጥበው ምራት ናት። ባል ሆይ፣ ሌሊቱን ተካፈላት፤ በወንድሞችህና በእህቶችህ ፊትም ድካሟን መስክርላት። ከከተማ ገንዘብ የምትልኩ ልጆች፣ ገንዘቡ ለሳሙናም ለመድኃኒትም ያስፈልጋል፤ ነገር ግን መንገዱ ሲከፈት መጥታችሁ ጥቂት ሌሊት እናንተ ንቁ፤ እርሷም ትተኛ።

በጎጃም ብዙዎቻችን የኦርቶዶክስ ወላጆች ልጆች ነን። አእምሮው የደከመን ሰው አንድ ቃል እንዲናገር ማስጨነቅ ፍቅር አይደለም። በጤናቸው ዘመን ስለ ቀብራቸው የተናገሩትን አስታውሳችሁ ከቤተ ዘመድ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ በአልጋቸው አጠገብ ክርክር አይነሣ። ይልቅ እጃቸውን ያዙ፤ በለሆሳስ ጸልዩ፤ ዘምሩላቸውም። ቃሉ ባይገባቸው እንኳ የለመዱት ዜማና የልጅ እጅ ያረጋጋቸዋል።

ጌታችን በመስቀል ላይ እየተሠቃየ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጠ (ዮሐ. 19፥26-27)። እናታችሁ ማን እንደሆናችሁ ቢረሱም፣ እርሳቸው ማን እንደሆኑ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እግዚአብሔርም አልረሳቸውም። እርሱ በአደራችሁ ያጽናችሁ።