ኤሲ ሙቀት ያወጣል እንጂ ብርድ አይሠራም

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በኒውዮርክና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ቆየት ባሉ አፓርታማዎች የሚኖር ሰው ይህን ዕቃ ያውቀዋል። ከመስኮቱ ሥር ግድግዳው ተበስቶ የላሜራ ሳጥን ገብቶበታል፤ በሳጥኑ ውስጥ ኤሲው ተቀምጧል፤ ፊቱ ወደ ክፍሉ፣ ጀርባው ወደ ደጅ ነው። መስኮት ላይ እንደሚቀመጠው ኤሲ ብርሃን አይጋርድም፣ መስኮቱን ከመክፈትና ከመዝጋትም አያግድም። እንደ ስፕሊት ደግሞ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ በቱቦ አይያያዝም፤ ሁሉ ነገሩ በአንድ አካል ነው። ዕቃው ቀላል ቢመስልም የማይስማማውን የገዛ፣ ያለ አግባብ ያስገጠመ ወይም አጠቃቀሙን ያልተረዳ ሰው የመብራት ሒሳብ እየከፈለ በላብ ሲጠመቅ ይከርማል።

ይህ እንዳይሆን አንድ ነገር አጥብቆ መያዝ ይበቃል፦ ኤሲ ብርድ አያመርትም። ከክፍሉ ሙቀት ለቅሞ ወደ ደጅ ይጥላል። የመጠኑ፣ የአገጣጠሙ፣ የአጠቃቀሙና የጽዳቱ ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በውስጡ ምን አለ?

መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችን ላይ የሚቀባው አልኮል ሲተን ቆዳችንን ያቀዘቅዘዋል፤ ፈሳሽ ሲተን በዙሪያው ካለው ነገር ሙቀት ይወስዳልና። በኤሲ ውስጥ ያለው ጋዝም ይህንኑ ሥራ ሳያቋርጥ ይደጋግማል። በክፍሉ በኩል ባለው ጠመዝማዛ ቱቦ ሲያልፍ ይተንና የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ ተቀብሎ ይጨምቀዋል። ተጨምቆ የጋለው ጋዝ በደጅ በኩል ወዳለው ሁለተኛ ቱቦ ያልፍና ሙቀቱን ለውጭ አየር አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በጣም ጠባብ በሆነ ቱቦ አልፎ ግፊቱ ሲወርድ ይቀዘቅዛል፤ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል።

በአንድ ሞተር የሚዞሩ ሁለት ማራገቢያዎችም አሉ። የውስጡ የክፍሉን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ መልሶ ለክፍሉ ይሰጣል። የውጭው የደጁን አየር በጋለው ቱቦ ላይ ይነፍሳል። ሁለቱ አየሮች መቀላቀል የለባቸውም። ብዙ ሰው ኤሲ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሚያዞረው ያንኑ የክፍሉን አየር ነው። አንዳንዱ ሞዴል የአየር መለዋወጫ ትንሽ ዘንግ አለው፤ በሙቀት ቀን እሱም ተዘግቶ ቢውል ይመረጣል።

ሁለተኛው ሥራው እርጥበት ማውጣት ነው። አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር በ1902 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማስተካከያ የነደፈው ብሩክሊን ውስጥ ላለ ማተሚያ ቤት ነበር። ችግሩ የሠራተኛው ላብ አልነበረም፤ ወረቀቱ በአየሩ እርጥበት እየተለጠጠና እየተኮማተረ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ልክ አልቀመጥ ማለቱ ነው። ዛሬም በክፍላችን አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ሲደርስ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ውሃውም ከኤሲው ሥር ባለው ትሪ በኩል ወደ ኋላ ይፈሳል። በብዙዎቹ ሞዴሎች የውጭው ማራገቢያ ጫፉ ላይ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ውሃውን ከትሪው እየጨለፈ በጋለው ቱቦ ላይ ይረጨዋል። ቱቦው በዚህ ይቀዘቅዛል፣ ማሽኑም ሥራው ይቀልለታል። ስለዚህ ከኋላ የሚሰማው የውሃ መንቦጫረቅ የጤና ነው። ድምፁ እንዲጠፋ ብሎ ትሪውን መብሳት ማሽኑን መጉዳት ነው።

የመስኮት ኤሲ ግድግዳ ውስጥ አይገባም

ትልቁ የግዢ ስሕተት ይህ ነው። የመስኮት ኤሲ ከመስኮቱ ውጭ በሚቀረው አካሉ ግራና ቀኝ የአየር መሳቢያ ቀዳዳዎች አሉት፤ አየር ከጎን ስቦ በጀርባው ያወጣል። የግድግዳው ኤሲ ግን ጎኑ ድፍን ነው፤ የሚስበውም የሚያስወጣውም በጀርባው ብቻ ነው። ሁለቱ ከፊት ሲታዩ መንታ ስለሚመስሉ፣ በዋጋው ረከስ ያለውን የመስኮቱን ገዝቶ ሳጥኑ ውስጥ የሚሰካ ሰው አይጠፋም። ያኔ የጎን ቀዳዳዎቹ በላሜራው ይታፈናሉ፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ኮምፕሬሰሩ እየጋለ ይጠፋል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የአሮጌውን ሳጥን ስፋት፣ ቁመትና ጥልቀት በሜትር ለኩ። በአሜሪካ 26 ኢንች ስፋት ያለው ሳጥን በጣም የተለመደ ነው፤ ሌላ ልክ ያላቸውም ስላሉ የሳጥኑንና የኤሲውን መመሪያ አስተያዩ። በጀርባ በኩል ያለው ግሪልም ለአዲሱ ኤሲ የሚስማማ መሆን አለበት። የአንዳንዱ አምራች ግሪል የሚገባውንና የሚወጣውን አየር ለይቶ የሚመራ ነውና የሌላውን ማሽን ሊያፍን ይችላል።

ምን ያህል ጉልበት ይበቃል?

የኤሲ ጉልበት የሚለካው በሰዓት በሚያወጣው ሙቀት ሲሆን መለኪያው ቢቲዩ ይባላል። 12,000 ቢቲዩ አንድ ቶን ነው፤ በዋት ሲሰላ 3,500 ያህል ይሆናል። ለ20 ካሬ ሜትር ክፍል 6,000፣ ለ30 ካሬ ሜትር 8,000፣ ለ45 ካሬ ሜትር 12,000 ቢቲዩ መነሻ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ በጣም የሚመታው ክፍል ከሆነ 10 በመቶ ይጨመራል። ከሁለት ሰው በላይ የሚውልበት ከሆነ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 600፣ ማእድ ቤት ከሆነ ደግሞ 4,000 ይታከላል።

የማእድ ቤቱ ጉዳይ ለእኛ ቤት ይበልጥ ይመለከታል። 1,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት 5,000 ቢቲዩ ያህል ሙቀት ቤት ውስጥ ይለቃል። ትንሹ ኤሲ የሚያወጣውን ያህል እሱ ያስገባል ማለት ነው። ሳሎኑና ማእድ ቤቱ ያልተለያዩበት ቤት በበጋ እንጀራ የሚጋግር ሰው ጠዋት በማለዳ ወይም ሲመሽ ቢጋግርና የማእድ ቤቱን ጭስ ማውጫ ቢከፍት ኤሲው ይቀለዋል።

ታዲያ ለጥንቃቄ ብሎ ትልቁን መግዛትም መፍትሔ አይሆንም። ከልክ በላይ የሆነ ኤሲ አየሩን በደቂቃዎች አቀዝቅዞ ይቆማል፤ እርጥበቱን ለማውጣት ግን ጊዜ አላገኘም። ክፍሉ እየቀዘቀዘ ይጨቀያል፣ ግድግዳው ሻጋታ ሊያወጣ ይችላል።

መብራቱ

በአሜሪካ አነስ ያሉት በ115 ቮልት፣ ከበድ ያሉት በ230 ቮልት ይሠራሉ፤ የመሰኪያቸው ቅርጽም የተለያየ ነው። መሰኪያው ሶኬቱ ውስጥ አልገባ ካለ ቆርጦ መቀየር ክልክል ነው፤ ዕቃው ለዚያ መስመር አልተሠራም ማለት ነው። ኤሲው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ቢኖረው መልካም ነው፤ ከማይክሮዌቭ ወይም ከምጣድ ጋር በአንድ መስመር ሲሆን ብሬከሩ ይወድቃል። ኤክስቴንሽን ገመድና ዲቫይደር ጨርሶ አይታሰብም። ኮምፕሬሰር ሲነሣ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ቀጭን ገመድ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በአሜሪካ የሚሸጡት አዳዲሶቹ መሰኪያቸው ላይ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች አሏቸው፤ ገመዱ ውስጥ ኃይል ሲያፈተልክ የሚያቋርጥ መከላከያ ናቸው። ኤሲው በድንገት ጸጥ ካለ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ሪሴት የሚለውን ተጫኑ።

ወደ አገር ቤት ለመላክ ለሚያስብም አንድ ቃል ይገባል። የአሜሪካው 115 ቮልት በ60 ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያው 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ የኮምፕሬሰር ሞተር ደግሞ ለሁለቱም ስሱ ነው። ለድሬዳዋ፣ ለጋምቤላ ወይም ለሰመራ ቤት እዚያው አገር ለሚሠራበት መብራት የተሠራውን መግዛትና ስታቢላይዘር መጨመር ይሻላል።

ግድግዳውን መብሳት

ተከራይ ከሆናችሁ ግድግዳ መንካት የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ማኔጅመንቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የራሳችሁ ቤት ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ግድግዳው ምን ይሸከማል የሚለው ነው። ከቀዳዳው በላይ ያለውን ክብደት የሚቀበል አግዳሚ ሳይሠራ ብሎኬትም ሆነ እንጨት መቁረጥ ቤቱን ማሰንጠቅ ነው። በግድግዳው ውስጥ የመብራት ሽቦ ወይም የውሃ ቱቦ አለመኖሩ ይረጋገጥ። ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ የአሜሪካ ቤት ቀለሙ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ በተለይ ልጆች ባሉበት፣ ሳይመረመር አይቆረጥም።

ሳጥኑ ሲገባ ወሳኟ ነገር ውሃ ልኳ ናት። ከግራ ወደ ቀኝ ፍጹም ቀጥ ይላል፤ ከፊት ወደ ኋላ ግን በትንሹ ወደ ደጅ ያዘነብላል። በብዙ መመሪያዎች ላይ ዝንባሌው በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ዝንባሌው ወደ ውስጥ ከሆነ ውሃው ምንጣፋችሁ ላይ ይፈሳል፤ ወደ ውጭ ከበዛ ደግሞ ማራገቢያው የሚረጨው ውሃ አይቀርለትም። የሳጥኑ ጀርባ በግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ መቅረት የለበትም፤ መመሪያው በሚለው መጠን ወደ ደጅ ወጣ ይላል። በሳጥኑና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት በውጭ በኩል ዝናብ በሚችል ሲሊኮን ይደፈናል።

ማሽኑ ከባድ ስለሆነ ለሁለት ሰው ሥራ ነው። ሲጓጓዝ ቆሞ ይጓዝ፤ ተጋድሞ ከመጣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ ሳይከፈት ቆሞ ይቆይ። ሲገፋ በሰውነቱ ተይዞ ነው፤ ስስ የአሉሚኒየም ክንፎቹን የነካ እጅ ያጎብጣቸዋል፣ ራሱም ይቆረጣል። መጨረሻ ላይ በማሽኑና በሳጥኑ መካከል ስፖንጅ ዙሪያውን ይጠቀጠቃል። ይህን ቸል ማለት የወጣው ሙቀት በጓሮ ተመልሶ እንዲገባ መፍቀድ ነው።

ሲጠቀሙበት

ቤቱ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብሎ ቁጥሩን 18 ዲግሪ ላይ መጣል ፍጥነት አይጨምርም። ተራው ኮምፕሬሰር የሚሠራው በአንድ ጉልበት ነው፤ ቁጥሩ የሚነግረው መቼ እንደሚቆም ብቻ ነው። 25 ወይም 26 ዲግሪ፣ በፋራናይት 78 ገደማ፣ ለብዙ ሰው ይበቃል። ኩል በሚለው ላይ ማራገቢያው ሳያቋርጥ ይዞራል፤ ኢነርጂ ሴቨር በሚለው ላይ ኮምፕሬሰሩ ሲያርፍ እሱም ያርፋል። ከዘጋችሁት በኋላ መልሳችሁ ለመክፈት 3 ደቂቃ ታገሡ፤ በውስጡ ያለው ግፊት ሳይስተካከል ኮምፕሬሰሩን ማስነሣት ያስጨንቀዋል። መጋረጃ ዝጉ፤ ሶፋና አልጋ ከፊቱ አርቁ።

ማጣሪያውን ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ አውጥታችሁ ለብ ባለ ውሃ እጠቡና በደንብ አድርቁ። አቧራ የያዘ ማጣሪያ አየር ስለማያሳልፍ ቱቦው በረዶ ይሠራል፤ በረዶ ሲሠራ ደግሞ ጭራሽ አየር አያልፍም። በረዶውን በቢላ አትንኩ። ኩሉን አጥፍታችሁ ማራገቢያውን ብቻ ክፈቱ፣ ራሱ ይቀልጣል። የደጁ አየር ከ21 ዲግሪ በታች ሲወርድም በረዶ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ መስኮት መክፈት ይሻላል።

ደካማ መሆኑን በቴርሞሜትር መለየት ይቻላል። ሩብ ሰዓት ካሠራችሁት በኋላ የሚገባውን አየር ለኩ፣ ቀጥሎ የሚወጣውን ለኩ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ በመልካም ጤና ላይ ነው። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ልዩነቱ 2 ወይም 3 ብቻ ከሆነ ባለሙያ ይየው። «ጋዝ ይሞላ» የሚል ሰው ከመጣ ግን ያፈሰሰው የት እንደሆነ ጠይቁት። ጋዙ የታሸገ ነው፣ እንደ ነዳጅ እየነደደ አያልቅም፤ ቀንሶ ከተገኘ የሆነ ቦታ ያፈሳል። አዳዲሶቹ የሚጠቀሙበት አር-32 የተባለው ጋዝ በመጠኑ የሚቀጣጠል ስለሆነ፣ በአሜሪካ ሕግም ጋዝ ለመንካት የምስክር ወረቀት ስለሚያስፈልግ፣ ይህ ለባለሙያ ይተው።

ለወላጆቻችን

በሐምሌ 1995 እ.ኤ.አ. በቺካጎ በተነሣው የሙቀት ማዕበል ከ700 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ፤ ቤታቸው የሚሠራ ኤሲ የነበራቸው ሰዎች ደግሞ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ያነሰ እንደነበር ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥናት አሳይቷል።

ይህን የማነሣው ከአገር ቤት መጥተው ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ኤሲን ስለሚፈሩት ነው። «ብርድ ይመታኛል» ብለው አጥፍተው በተዘጋ ክፍል ይቀመጣሉ። ፍርሃታቸውን ማጣጣል አይጠቅምም፤ ነፋስ በቀጥታ አንገትና ጉልበት ላይ ሲያርፍ በእርግጥ ይረብሻል። መፍትሔው የአየር መምሪያ ክንፎቹን ወደ ላይ ማቅናት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከጣሪያው በታች ተዘርግቶ ራሱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቁጥሩን 26 ላይ አድርጉ፣ ማራገቢያውን ዝቅ አድርጉ፣ የሚቀመጡበትን ወንበር ከፊቱ አንሡ። ሥራ ከመሄዳችሁ በፊትም ሪሞቱን አሳዩአቸው፣ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑ በአማርኛ ጽፋችሁ ለጥፉበት፤ ቀትር ላይም ደውላችሁ ክፍሉ ቀዝቀዝ ማለቱን ጠይቁ።