የሆቴል ነጥብና የታይምሼር ማረፊያ፦ ንብረት ወይስ ምርቃት?



በቦሌ ካሉት ዓለም አቀፍ ስም ያላቸው ሆቴሎች በአንዱ ያደረ ደንበኛ፣ የሆቴሉ ማኅበርተኛ ከሆነ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ሲሰናበት በስሙ ነጥብ ይመዘገብለታል። ይህ ነጥብ በሕግ ዓይን ምንድን ነው? ንብረት ነው፣ ዕዳ ነው፣ ወይስ ነጋዴ ለደንበኛው የሚጨምረው ምርቃት? መልሱ ጎልቶ የሚታየው ነጥቡ የታይምሼር ማረፊያ ለመያዝ ሲውል ነው። በዚያ ጊዜ ሁለት ዓይነት መብቶች በአንድ ቤት ውስጥ ይገናኛሉና።

አስቀድሜ ታይምሼርን ላስረዳ። በአያትና በሰሚት የጋራ ሕንፃዎች የለመድነው ክፍፍል የቦታ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 370/1995 እንደሚደነግገው ቤቱ የግል፣ ደረጃውና ጣሪያው የጋራ ይሆናል። ታይምሼር ግን የሚከፍለው ጊዜን ነው። የአንድ ቪላ ዓመት በሳምንታት ተከፋፍሎ ለብዙ ሰዎች ይሸጣል። ተራ የሚጠበቅበት በመሆኑ ዕቁብን ይመስላል፤ ዕቁብ ግን ዙሩ ሲሞላ ያበቃል። የታይምሼር ባለድርሻ ቢመጣም ቢቀርም በየዓመቱ የጥገና መዋጮ ስለሚከፍል፣ በዚህ ረገድ ለዕድር ይቀርባል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአውሮፓ ተጀምሮ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ማሪዮት በ1984 ገባበት። ዛሬ ብዙ ባለድርሻዎች ከሳምንት ይልቅ የክበቡን ነጥብ ይገዛሉ። ይህ ከሆቴል ነጥብ ጋር መምታታት የለበትም፤ አንዱ የሚገዛ፣ ሌላው የሚጨመር ነው።

ታዲያ ቪላው ድርሻ ላልገዛ ሰው እንዴት ይደርሳል? ያልተሸጡ ሳምንታት አሉ፤ ተራቸውን የማይጠቀሙበት ባለድርሻዎችም አሉ። ማሪዮት ከ2011፣ ሒልተን ከ2017 ወዲህ የታይምሼር ሥራቸውን ለተለዩ ኩባንያዎች ቢለቁም፣ በስም ፈቃድና በአባልነት ፕሮግራም እንደተሳሰሩ ናቸው። ስለዚህ ባዶ የሚያድረው ቪላ በሆቴሉ የቦታ መያዣ ሥርዓት ውስጥ ይቀርባል፤ ባለነጥቡም ወጥ ቤት ባለው ቤት ያድራል፤ የዓመት መዋጮ ግን አይጠየቅም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። በቦሌ የሚገኘው ራማዳ በዊንደም ቤተሰብ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ለአንድ ዶላር 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ለአንድ ቆይታ ከ1,000 ነጥብ አያንስም። በቀን 100 ዶላር ከፍሎ አምስት ሌሊት ያደረ ሰው 5,000 ነጥብ ያገኛል። የክለብ ዊንደም ማረፊያዎች ዋጋ የሚሰላው በመኝታ ክፍል ቁጥር ነው። የአንድ መኝታ ክፍል ዋጋ በሌሊት 15,000 ነጥብ ቢሆን፣ እንዲህ ያሉ ሦስት ጉዞዎች አንድ ሌሊት ያስገኛሉ፤ ባለሁለት መኝታ ከሆነ እጥፍ ይሆናል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ናሽናል ሃርበር ላይ፣ የዚህ ክበብ ማረፊያ አለ። ዘመድ ሊጠይቅ ለሚሄድ ቤተሰብ ነገሩ እንግዳ ጨዋታ አይደለም። የነጥቡ መጠን በአንድ ኩባንያ ውስጥም ይለያያል፤ በማሪዮት ቤተሰብ ሸራተን አዲስ ለአንድ ዶላር 10፣ ማሪዮት ኤክስኪዩቲቭ አፓርትመንትስ ግን 2.5 ነጥብ ነው የሚሰጡት።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ባለድርሻው በውል የተጠበቀ መብት አለው፤ ከመብቱ ጋርም ሸክም ተሸክሟል። ባለነጥቡ ሸክም የለበትም፤ መብቱም የሳሳ ነው። የፕሮግራሞቹ ደንብ ነጥብ የአባሉ ንብረት እንዳልሆነ፣ ኩባንያውም ዋጋውን ሊለውጥ እንደሚችል ይናገራል። ማሪዮት በመጋቢት 2022 የተወሰነውን የነጥብ ዋጋ ሠንጠረዥ ትቶ ዋጋው ከፈላጊው ብዛት ጋር እንዲወጣና እንዲወርድ አድርጓል። የማሪዮት ነጥብ 24 ወር ካልተንቀሳቀሰ ይሰረዛል፤ የዊንደም ነጥብ 18 ወር ካልተንቀሳቀሰ፣ ቢንቀሳቀስም ከተገኘ በአራት ዓመቱ ይጠፋል። የዕዳውን መጠን ባለዕዳው ብቻውን የሚወስንበት ግንኙነት በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መንፈስ ሙሉ ዕዳ ሊባል አይችልም። ነጥቡ ምርቃት ነው። የገበያው ምርቃት ግን ከዘንቢላችን ገብቶ ቤታችን ይደርሳል፤ ይኸኛው ምርቃት ከነጋዴው መደብር አይወጣም።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ ነጥብ የቁጠባ ማኖሪያ ሊሆን አይገባም፤ የሚፈለገው ቪላ ክፍት ሆኖ ሲገኝ መጠቀም ይሻላል። ሁለተኛው እኛን በቀጥታ ይመለከታል። በቦሌ ሆቴሎች ብዙ አልጋዎች የሚከፈሉት በመሥሪያ ቤት ገንዘብ ነው፤ ነጥቡ ግን በአዳሪው ስም ይመዘገባል። በሕዝብ ገንዘብ የተገኘ ምርቃት የማን ነው? ዩኒቨርሲቲዎች በጉዞ መመሪያቸው በግልጽ ሊመልሱት ይገባል እላለሁ። ነጥቡ ትንሽ ቢሆንም፣ የግልንና የጋራን ድንበር መለየት የሕግ ትምህርት መጀመሪያ ነውና።