ስም አይቶ ሥልጣን መስጠት፦ በቪኤምዌር ቱልስ ላይ ስለታየው የደህንነት ክፍተት

የኮምፒውተር ደህንነት ማስታወቂያዎችን የሚከታተል ባለሙያ «አካባቢያዊ» የሚለውን ቃል ሲያገኝ ጉዳዩን ለነገ ማሳደር ይቀናዋል። ቃሉ አጥቂው አስቀድሞ በማሽኑ ላይ አካውንት ሊኖረው እንደሚገባ ያመለክታልና። ይህ ግምት አንድ ሰርቨር በጥቂት አስተዳዳሪዎች እጅ ብቻ በሚገኝበት መሥሪያ ቤት ሊያስኬድ ይችላል። በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ግን አያስኬድም። አንድን ሰርቨር በርካታ ተማሪዎች ተጋርተው ፕሮግራም የሚጽፉበት ከሆነ ሁሉም አስቀድመው ውስጥ ናቸው።

መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ብሮድኮም ኩባንያ ሲቪኢ-2025-41244 የሚል መለያ የተሰጠውን ክፍተት ይፋ አደረገ። ተራ ተጠቃሚ የስርዓቱን ሙሉ ሥልጣን እንዲይዝ የሚያስችል ሲሆን፣ ክብደቱም ከ10 በ7.8 ተመዝግቧል።

ቨርቹዋላይዜሽን አንድ አካላዊ ኮምፒውተር የብዙ ኮምፒውተሮችን አገልግሎት እንዲሰጥ የሚያደርግ ስልት ነው። አካላዊው ማሽን አስተናጋጅ፣ በላዩ የሚነሡት ምናባዊ ማሽኖች ደግሞ እንግዶች ይባላሉ። እንግዳው ሰዓቱን ከአስተናጋጁ ጋር እንዲያስተካክል፣ በአግባቡ እንዲዘጋና ስለ ራሱ መረጃ እንዲሰጥ በውስጡ አጋዥ ፕሮግራም ይጫንበታል። ቪኤምዌር ቱልስ ይኸው ነው፤ ክፍት ምንጭ የሆነው ቅጂው ኦፕን-ቪኤም-ቱልስ ከዋና ዋና የሊኑክስ ስርጭቶች ጋር ይቀርባል። ሥራው ስርዓቱን የሚነካ ስለሆነ በሩት ሥልጣን ይሠራል።

ችግሩ ያለው አገልግሎቶችን ፈልጎ በሚለየው ክፍል ላይ ነው። አስተዳዳሪው በየእንግዳው ማሽን ላይ የትኛው የድር ሰርቨር ወይም የመረጃ ቋት በየትኛው እትም እንደሚሠራ ከአንድ ቦታ ማየት ሲፈልግ፣ አሪያ ኦፕሬሽንስ በተባለው የቪኤምዌር መቆጣጠሪያ ይህን ተግባር ያነቃዋል። በእንግዳው ውስጥ ያለ ስክሪፕት ከኔትወርክ ጥያቄ የሚጠባበቁትን ሂደቶች ይዘረዝራል፤ የእያንዳንዱን ፋይል አድራሻና ስም ከተዘጋጀ የጽሑፍ ንድፍ ጋር ያመሳክራል፤ ሲገጣጠምለትም እትሙን ለመጠየቅ ያንኑ ፋይል ራሱ ያስነሣዋል።

ስሕተቱ ያለው በንድፉ ላይ ነው። የአፓቼ ድር ሰርቨር ኤችቲቲፒዲ በሚል ስም የስርዓቱ ፕሮግራሞች በሚቀመጡበት ማውጫ ይገኛል። ንድፉ ግን ከስሙ በፊት ባዶ ቦታ ያልሆነ ማንኛውንም የፊደል ቅንብር ይቀበላል። ስለዚህ ማንም ተጠቃሚ ሊጽፍበት በሚችለው የጊዜያዊ ፋይሎች ማውጫ ውስጥ ያለ ኤችቲቲፒዲ የተባለ ፋይልም ያልፋል።

ነገሩን ወደ ከተማችን እናምጣው። ማኅተም የያዘ ተቆጣጣሪ ዳቦ ቤቶችን ሊመዘግብ ከከዚራ ተነሥቶ፣ ደቻቱን ተሻግሮ እስከ መጋላ ይሄዳል እንበል። አድራሻቸውን ከመዝገብ ማመሳከር ሲገባው «ዳቦ ቤት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን በር ሁሉ ያንኳኳል፤ በሩን ለከፈተለትም ማኅተሙን አቀብሎ ሥራ የጀመረበትን ዘመን ጽፎ እንዲያትምበት ይጠይቀዋል። ጽሑፉን ትናንት ማታ የለጠፈው አታላይ ማኅተሙ እጁ እንደገባ የሚያትመው ግን የፈለገውን ነው።

አጥቂውም የሚጠበቅበት ይህን ያህል ቀላል ነው፦ ፋይሉን በታወቀ ስም አስቀምጦ በራሱ ተራ ሥልጣን ያስነሣዋል፣ አንድ የኔትወርክ ወደብ ከፍቶም ይጠብቃል። ስክሪፕቱ በተራው ሲደርስ ያንኑ ፋይል በከፍተኛ ሥልጣን እንደገና ያስነሣለታል። የማኅደረ ትውስታ ጥሰትም ሆነ የረቀቀ ስሌት አያስፈልገውም።

ክፍተቱን ያሳወቀው ኤንቪሶ የተሰኘው የቤልጅየም የደህንነት ኩባንያ፣ ዩኤንሲ5174 ተብሎ የሚጠራውና ከቻይና መንግሥት ጋር ግንኙነት አለው የሚባለው ቡድን ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እንደተጠቀመበት ገልጿል። የብሮድኮም የመጀመሪያ ማስታወቂያ ይህን አላነሣም ነበር። ቡድኑ አውቆ ይሁን በአጋጣሚ የተጠቀመበት ግን ኤንቪሶ አልወሰነም። በእኔ ግምት የጉዳዩ አሳሳቢ ገጽታ ይህ ነው፤ ጎጂ ፕሮግራሞች እንዳይታወቁ የታወቁ የስርዓት ፕሮግራሞችን ስም መዋሳቸው የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ አንዳንዶቹ ሳያስቡት የሩትን ሥልጣን ሲያገኙ ኖረው ሊሆን ይችላል።

በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ ማለፍንም ወንጀል ያደርጋል። ስለሆነም ሕጋዊ አካውንት ያለው ተማሪ «ልሞክረው» ብሎ በጋራ ሰርቨር ላይ ሆነ ብሎ ቢሠራው ከአዋጁ አያመልጥም። መሞከር የፈለገ በራሱ ኮምፒውተር ላይ፣ ለዚሁ ባዘጋጀው ምናባዊ ማሽን ይሞክረው።

ቨርቹዋልቦክስን ወይም ኬቪኤምን ብቻ የሚጠቀም ቤተ ሙከራ ይህ ክፍተት አይመለከተውም። ቪኤምዌር ያለው ግን አገልግሎት ፈላጊው ተግባር መንቃቱን ያጣራ፤ ማስተካከያውንም ይጫን። የኦፕን-ቪኤም-ቱልስ ማስተካከያ የሚመጣው በሊኑክስ ስርጭቱ በኩል ስለሆነ፣ አስተናጋጁን ብቻ አድሶ እንግዶቹን መተው ችግሩን እንዳለ ያቆየዋል። ክፍተቱ ቀድሞ ተሠርቶበት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ የቪኤምዌር ቱልስ ዋና ሂደት የወለዳቸውን ሂደቶች መመርመር ይጠቅማል፤ ከመካከላቸው ከጊዜያዊ ፋይሎች ማውጫ ወይም ከተጠቃሚ የግል ማውጫ የተነሣ ካለ፣ ያ ማሽን ከኔትወርክ ተነጥሎ ሊመረመር ይገባል።