በአንድ ወንዝ ዳርና ዳር ስላለው ግብር

ሰው ኑሮውን ከጎረቤቱ ኑሮ ጋራ ማስተያየት ልማዱ ነው። ነገር ግን የሚቀርለትን እንጂ የሚወጣበትን የማይቈጥር ሰው ኋላ ይጸጸታል። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን፥ ብዙ የአገራችን ልጆች የሚኖሩበትን የአሜሪካን የዋሽንግተን ግዛት ከጎረቤቱ ከኦሬጎን ጋራ እናስተያይ።

ሁለቱን የሚለያቸው አብዛኛውን የኮሎምቢያ ወንዝ ነው፤ በሰሜኑ ዳር የቫንኩቨር ከተማ፥ በደቡቡ ዳር የፖርትላንድ ከተማ ይገኛሉ። ዋሽንግተን ከተራ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቀበልም፤ ነገር ግን ከሚሸጥ ዕቃ ላይ በመቶ 6.5 ይቀበላል፤ ከተሞችም የራሳቸውን ይጨምሩበታል። ኦሬጎን ግን የሽያጭ ግብር የለበትም፤ የገቢው ግብር ግን እንደ ሰውየው ሀብት እየጨመረ እስከ በመቶ 9.9 ይደርሳል።

እንግዲህ «በቫንኩቨር ተቀምጬ በፖርትላንድ ብሠራና ብገበይ ከሁለቱም እድናለሁ» የሚል አይጠፋም። ሕጉ ግን አስቀድሞ አስቦበታል። በፖርትላንድ ሠርቶ ደመወዝ የሚቀበል ሰው፥ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ቢሆንም፥ ለኦሬጎን ይከፍላል፤ ከዚያ ገዝቶ ወደ ዋሽንግተን ላስገባው ዕቃም የመገልገያ ግብር አለበት።

ደግሞም የሽያጭ ግብር ገቢው ሁሉ ለዕቃ በሚወጣበት ድኻ ላይ ይከብዳል። ዋሽንግተንም ለቤት የሚሸመተውን ምግብ ከዚህ ግብር ነጻ አድርጎታል።

ስለዚህ ቤተ ሰቡን ይዞ ለመሻገር የሚያስብ አባወራ፥ ደመወዙንና ግብሩን፥ የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ትምህርት በአንድ መዝገብ ጽፎ ከባለቤቱ ጋራ ይመልከት እንላለን። ግብሩ ጎድሎ ኪራዩ ቢበዛ ትርፉ ወዴት አለ?